የጸሐፊ እጅ

እጅ የአእምሮ ሎሌ ነው፤ ሎሌም ዕረፍት ካጣ ጌታውን ማገልገል ይሳነዋል።

አንድ የመንፈሳዊ ኮሌጅ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን በኮምፒዩተር ሲጽፍ ብዙ ሳምንት ሰነበተ። ከዕለታት አንድ ሌሊት ቀኝ እጁ ደንዝዞ ነቃ፤ ባማተበም ጊዜ ጣቶቹ ግንባሩን መንካታቸው አልተሰማውም። ነገር ግን ጽሑፉ እንዳይዘገይበት ፈርቶ ሕመሙን ሸሸገ።

በእጅ አንጓ ውስጥ 9 ጅማቶችና አንድ ነርቭ የሚያልፉበት ጠባብ መንገድ አለ፤ አንጓው ታጥፎ ሲቈይ ነርቩ ይጨነቃል፤ አውራ ጣት፥ ጠቋሚና መካከለኛው ጣትም ይደነዝዛሉ። ኢጣልያዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ በ1713 ዓመት እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የጸሐፊዎች ደዌ ከመቀመጥ ብዛት፥ ከእጅ አለማረፍና ከአእምሮ ድካም እንደሚመጣ ገልጿል።

ተማሪው በበዓል ቀን አያቱን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ፥ ብራና ጸሐፊ የነበሩት ሽማግሌ እጁን ይዘው፤ «ልጄ፥ የመቃ ብዕሬ ሲዶለዱም በካራ እቀርጸው ነበር፤ በዚያም መካከል እጄ ያርፍ ነበር። ያንተ ብዕር ግን አይዶለዱምምና ዕረፍቱን አንተ ራስህ ስጠው» አሉት።

ተማሪውም ወደ ሐኪም ሄደ፤ ሌሊት አንጓውን በድጋፍ እያሰረ፥ ቀን በየጊዜው እያረፈ፥ ጽሑፉን ዘግይቶ ፈጸመ። ለትምህርት የሚተጋ ሁሉ፥ ሥራን ያዘዘ አምላክ ሰንበትንም እንዳዘዘ ማሰብ ይገባዋል።