የትኛው ይትረፍ?

የሊሚቲንግ ሪአክታንት ጥያቄ ፈተና ላይ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ነጥብ አስይዞኛል። ለምን እንደሚያስፈልግ የገባኝ ግን ቂሊንጦ፣ አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አስፕሪን ስንሠራ ነው።

ስሌቱ አይከብድም። ግራሙን ወደ ሞል መለወጥ፣ እኩልታው ላይ ከፊቱ ባለው ቁጥር ማካፈል፣ ከዚያ ውጤቱ ያነሰው ቀድሞ ያልቃል፤ ሊሚቲንግ ሪአክታንት የሚባለው እሱ ነው። ክብደት ብቻ ያየ ይሳሳታል፦ 4 ግራም ሃይድሮጅንና 16 ግራም ኦክስጅን ቢገናኙ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው፤ 18 ግራም ውኃ ይሠራና 2 ግራም ሃይድሮጅን ይተርፋል። ይህን ድሮም አውቀው ነበር። የሚተርፈው የትኛው እንደሚሆን ሰው አስቦበት እንደሚመርጥ ግን ማንም አልነገረኝም።

በተለመደው የላብራቶሪ አሠራር 2 ግራም ሳሊሲሊክ አሲድ ላይ 5 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አንሃይድራይድና ጥቂት ጠብታ ጠንካራ አሲድ ይጨመራል። ሁለቱ የሚዋሐዱት አንድ ለአንድ ነው። ሳሊሲሊክ አሲዱ 0.0145 ሞል፣ አንሃይድራይዱ 0.053 ሞል ገደማ፤ ከሦስት እጥፍ ተኩል በላይ መሆኑ ነው። ቢበዛ 2.6 ግራም አስፕሪን ይገኛል፤ አንሃይድራይዱን 10 ሚሊ ሊትር ብናደርገውም ጣሪያው ያው ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ለምን? ትርፉ አንሃይድራይድ ሳሊሲሊክ አሲዱን ያሟሟዋል፣ ሪአክሽኑም እስከ መጨረሻው እንዲሄድ ያግዛል። ሲያበቃ ውኃ ሲጨመርበት ወደ አሴቲክ አሲድ ተለውጦ፣ ክፍሉን አቼቶ አቼቶ እያሰኘ ታጥቦ ይወጣል። ሳሊሲሊክ አሲዱን ብናበዛው ኖሮ ግን የሚተርፈው እንደ አስፕሪኑ ነጭ ጠጣር ነው፤ ቀዝቃዛ ውኃ አያሟሟውምና መድኃኒቱ ውስጥ ተደባልቆ ይቀራል። ጨጓራም ያስቆጣል። ናሙናው ላይ ፌሪክ ክሎራይድ ጠብ ሲደረግበት ወደ ሐምራዊ ከተለወጠ፣ አልጠራም።

እዚያው ቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተገነባ ኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። የመድኃኒቱን ዋና ንጥረ ነገር ራሱን እዚህ ማምረት እንድንችል ከልቤ እመኛለሁ፤ ያኔ ግን የላብራቶሪው ልክ አያዋጣም። በውጭ ምንዛሪ የተገዛ ኬሚካል በውኃ ታጥቦ ሲሄድ ኪሳራ ነው። አሴቲክ አንሃይድራይድ ሄሮይን ለመሥራትም ስለሚውል በዓለም አቀፍ ደረጃ ቁጥጥር ይደረግበታል፤ እያንዳንዱ ሊትር የት እንደገባ መመዝገብ አለበት። ስለዚህ ፋብሪካ ውስጥ ትርፉ ሪአክሽኑን ለመጨረስ እስከሚበቃው ድረስ ይቀነሳል፣ የሚፈጠረው አሴቲክ አሲድም ተሰብስቦ እንደገና ሥራ ላይ ይውላል።