ነቀምቴ በትሪየስቴ ወደብ

ከቪየና ትሪየስቴ በባቡር ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ፈጠን ያለ መንገድ ነበር፤ እኔ ግን ባቡሩን የመረጥኩት ለመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ብዬ ነው። ስሎቬኒያን አቋርጦ፣ ካርስት የሚሉትን ድንጋያማ አምባ ጨርሶ ቁልቁል ሲወርድ፣ መሬቱ በድንገት ያልቅና አድሪያቲክ ባሕር ከመስኮቱ ሥር ይዘረጋል። አዲስ አበባ ተወልጄ አደግኩ፤ አሥራ አንድ ዓመት ደግሞ ቪየና ኖርኩ። ሁለቱም ከተሞች ባሕር የላቸውም። ስለዚህ ባሕር ባየሁ ቁጥር ሥራዬን ለጥቂት ጊዜ እረሳለሁ።

ሥራዬ ቡና ነው። አንድ አነስተኛ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ጥራት እቆጣጠራለሁ። በየካቲት መጀመሪያ ወደ ትሪየስቴ የላኩኝ፣ ከጅቡቲ ተጭኖ በስዊዝ ቦይ አልፎ የገባ አንድ ኮንቴይነር ያልታጠበ ቡና እርጥበት ነክቶታል ስለተባለ ነው። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ። ጥሬ ቡና እርጥበቱ ከ12 በመቶ ካለፈ ይሻግታል። ደርቆ የተጫነውም ቢሆን ከመንገድ አደጋ አያመልጥም፤ ከሞቃት ባሕር ወደ ቀዝቃዛ ወደብ ሲገባ የኮንቴይነሩ ጣሪያ ከውስጥ ያልበዋል፣ ላቡም በላይኛዎቹ ጆንያዎች ላይ ይንጠባጠባል። ገበሬው ለወራት የለፋበት ነገር መዳረሻው ላይ ደርሶ እንዲህ ሲበላሽ ማየት አንጀት ይበላል።

መጋዘኑ ውስጥ የተቀበሉኝ ፀጉራቸው የሸበተ፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከጆንያ ጋር የኖሩ ሰው ናቸው። የጆንያውን ጽሑፍ በጣታቸው እየተከተሉ «ሌከምፕቲ» ብለው አነበቡልኝ። በቡና ንግድ ውስጥ የወለጋ ቡና ስሙ ይኸው ነው፤ ነቀምቴ ማለት ነው። መቼና በማን እጅ እንደተጣመመ እንጃ፣ ከተማዋ በራሷ ቋንቋ የማትታወቅበት ስም ይዛ ዓለምን ትዞራለች። ባለሙያው ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም ወረቀት ላይ ሺህ ጊዜ ጽፌዋለሁ። ያን ቀን ግን ከበደኝ፤ አባቴ በወጣትነቱ ነቀምቴ ነበር ያስተማረው።

ናሙና የምናወጣው ጆንያውን በሚወጋ፣ መሃሉ ክፍት በሆነ ሹል ብረት ነው። ቀኑን ሙሉ ስንወጋ፣ ስናሸት፣ እርጥበት ስንለካ ዋልን። ውጤቱ እስኪደርስ ከተማዋን ለማየት አንድ ተኩል ቀን ተረፈኝ።

ትሪየስቴ የቡና ከተማ የሆነችው እንዲያው አይደለም። የሐብስቡርጉ ንጉሠ ነገሥት ካርል 6ኛ እ.ኤ.አ. በ1719 ነፃ ወደብ ብሎ አወጃት፤ ከዚያ ወዲህ የቪየና ሰው የሚጠጣው ቡና በዚህ በኩል ይገባ ነበር። ከ1857 ጀምሮ ደግሞ የባቡር ሐዲድ ሁለቱን ከተሞች አገናኘ። እኔም የመጣሁት ቡናው ይሄድበት በነበረው መንገድ በተቃራኒው ነው። ሕዝቡ ቡና የሚያዝበት የራሱ አነጋገር አለው፦ ጥቁሩ «ኔሮ» ነው፤ እኛ ማኪያቶ የምንለው «ካፖ» ነው፤ በትንሽ ብርጭቆ ሲሆን «ካፖ ኢን ቢ» ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1914 በተከፈተው ካፌ ሳን ማርኮ ውስጥ በመጻሕፍት መደርደሪያዎች መካከል ተቀምጬ ብርጭቆዋ ስትቀርብልኝ ፒያሳ ያለሁ መሰለኝ። አዲስ አበባም ማኪያቶውን በብርጭቆ ትጠጣ የለ!

ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ ይዤ በባሕሩ ዳርቻ ወደ ሚራማሬ ሄድኩ። ከከተማው ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከባሕሩ በላይ ባለ ዓለት ላይ የቆመ ነጭ ቤተ መንግሥት ነው። ያሠራው የሐብስቡርጉ መስፍን ማክሲሚሊያን ነው። ባሕር ኃይል ስለነበር ክፍሉን የመርከብ ክፍል አስመስሎ አሠራው። እ.ኤ.አ. በ1864 የሜክሲኮ ንጉሠ ነገሥት ሊሆን ከዚህ ተነሣ፤ በ1867 እዚያው ሜክሲኮ በጥይት ተደበደበ። ጎብኚው ሁሉ የሚያወራው የእሱን ታሪክ ነው።

እኔ የሄድኩት ግን ለሌላ ሰው ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት እዚህ የኖረው የአኦስታው መስፍን አመዴኦ ነበር፤ ለራሱ ያሰናዳቸው ክፍሎች እስከ ዛሬ አሉ። ሙሶሊኒ ግራዚያኒን አንሥቶ የምሥራቅ አፍሪካ እንደራሴ ያደረገው እሱን ነው፤ ከዚህ ቤት ተነሥቶ አዲስ አበባ ገባ። መስኮቱ ላይ ቆሜ የማስበው ግን ከዚያ በፊት ስላለፈው ዓመት ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባ በጣሊያኖች እጅ ስትታረድ፣ የመስፍኑ መኖሪያ ይህ ጸጥ ያለ ቤት ነበር። የአባቴ አጎት ያን ቀን ከቤቱ ወጥቶ አልተመለሰም። መስፍኑ ከግራዚያኒ ይሻል ነበር ይባላል። ይሻል ይሆናል፤ ግን የሰው አገር ይዞ በደግነት መግዛት የሚባል ነገር አልገባኝም። በግንቦት 1933 ዓ.ም. አምባላጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር የከበቡት የራስ ሥዩም መንገሻ አርበኞችም አልገባቸውም። መስፍኑ እጁን ሰጥቶ ተማረከ፤ በዓመቱ ናይሮቢ ላይ በምርኮኛነት ሞተ። ሚራማሬ ያደረ ሰው በሰው አገር ይሞታል የሚል አፈ ታሪክ እዚህ አለ፤ ሁለቱን ሰዎች ለምሳሌ ይጠቅሳሉ። እኔ የሚያሳዝነኝ ግን በገዛ አገሩ፣ በገዛ ሰፈሩ የሞተው ነው።

በማግሥቱ ቦራ ተነሣ። ከካርስት ወደ ባሕሩ የሚወርድ ነፋስ ነው፤ ሲበረታ በሰዓት ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚነፍስ በድሮ ጊዜ መንገደኛው ይዞት እንዲሄድ በየመንገዱ ገመድ ይዘረጋ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ግን ሞቃት ነው። ናሙናውን ቆልተን፣ ፈጭተን፣ በየሲኒው የፈላ ውኃ አፍስሰን በማንኪያ ቀመስን። የላይኞቹ ጆንያዎች ሻጋታ ሻጋታ ይላሉ፤ ለይተን አወጣናቸው። የቀረው ንጹሕ ነበር፤ ወፍራም፣ መጨረሻው ላይ ፍሬ ፍሬ የሚል።

«ሌከምፕቲ» አሉ ሽማግሌው ራሳቸውን እየነቀነቁ።

«ነቀምቴ» አልኳቸው። «ከተማዋ እንዲህ ነው የምትባለው።»

ማንኪያቸውን አስቀምጠው ደገሙት። በሦስተኛው ሙከራ ተሳካላቸው። ከዚያ ከኪሳቸው እስክርቢቶ አውጥተው የነገርኳቸውን ድምፅ በራሳቸው ፊደል የናሙናው ከረጢት ላይ ጻፉት።

ማታ ሞሎ አውዳቼ በሚሉት፣ ከ200 ሜትር በላይ ወደ ባሕሩ በሚገባው የድንጋይ መተላለፊያ ላይ ቆሜ የከረጢቱን ፎቶ ለአባቴ ላክሁለት። ወዲያው ደወለ። ነፋሱ ድምፁን እየቆራረጠው ነበር።

«ይህ የኛ ነቀምቴ ነው?»

«አዎ አባዬ።»

«ቡናው ተረፈ ወይ?»

«አብዛኛው ተርፏል።»