ያለ ቀብድ «ይያዝልኝ»

በሰሜን ምሥራቅ ካልጋሪ የምትኖር የአንዲት እናት የቤት ኪራይ ውል በወሩ መጨረሻ ያበቃ ነበር። የልጇን አልጋ ፎቶ አንሥታ በ60 ዶላር ለሽያጭ አወጣች። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መልእክት ደረሳት፦ «እህቴ፣ እባክሽን ይያዝልኝ፤ ቅዳሜ እመጣለሁ።» «እሺ፣ ችግር የለም» ብላ መለሰች። ከዚያ በኋላ የጻፉላትን አራት ሰዎች «ተይዟል» እያለች ሸኘች። ቅዳሜ ማንም አልመጣም፤ እሑድ ለላከችው መልእክትም መልስ አላገኘችም። ቤቱን ባስረከበችበት ቀን አልጋው ከሕንፃው ጀርባ፣ ከቆሻሻ ገንዳው አጠገብ ቀረ።

ለምጣኔ ሀብት ባለሙያ ነገሩ እንግዳ አይደለም። ዕቃ ማስያዝ፣ የመግዛት ግዴታ ሳይኖር የመግዛት መብት ማግኘት ነው። በገንዘብ ገበያ እንዲህ ያለ መብት ዋጋ ተቆርጦለት ይሸጣል። በአሮጌ ዕቃ ገበያ ግን በነፃ ይታደላል፤ ዋጋውን የሚከፍሉት ሻጯና ባዶ እጃቸውን የተመለሱት አራቱ ናቸው። ነፃ በመሆኑም አንድ ገዢ በአንድ ምሽት ሦስት አልጋ አስይዞ አንዱን ብቻ ሊወስድ ይችላል።

አገር ቤት ለዚህ የቆየ መላ አለ፦ ቀብድ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 ጀምሮ ደንግጎታል። ቀብድ መስጠት ውል ለመደረጉ ማስረጃ ነው፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ ተቀባዩ ቢተው እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። «ይያዝልሃል» ካለ በኋላ 80 ዶላር ላቀረበ ሌላ ሰው ዕቃውን አሳልፎ የሚሰጥ ሻጭም በቀብድ ይታሰራል። መርካቶ ውስጥ ቀብድ ተጠየቅሁ ብሎ የሚቀየም የለም።

ካልጋሪ ላይ ያው ሰው አሥር ዶላር ቢጠየቅ «አላመንሽኝም?» ይላል። ቅሬታው ከፊል እውነት አለው። ፎቶ ዕቃ አይደለም፤ በኢንተራክ የተላከ ገንዘብ አንዴ ከተቀባዩ ሒሳብ ከገባ በቀላሉ አይመለስም፤ የአጭበርባሪም የመጀመሪያ ቃሉ «ቀብድ ላክ» ነው። የቀረው ይሉኝታ ነው። ገበያተኛው ከፊል ዘመድ፣ ከፊል ባዳ በመሆኑ ይሉኝታው ባሕር ተሻግሮ መጥቶ ቀብዱ እዚያው ቀርቷል።

የተማረሩ ሻጮች «ቀድሞ የመጣ ይውሰድ» ወደሚለው ደንብ ያዘነብላሉ። ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን የሚዳኘው ለመኪና ነው። መኪና ያለው ዲርፉትን ይዞ በሃያ ደቂቃ ይደርሳል። አዲስ ገቢው ግን በጥር ብርድ ሁለት አውቶቡስ ይለዋውጣል፣ ወይም የዘመድ መኪና ከሥራ ፈረቃ እስኪመለስ ይጠብቃል፤ አልጋ ደግሞ በአውቶቡስ አይጫንም። ማስያዝ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ለእርሱ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ መጠየቅ ካልተቻለ ጊዜን ዋጋ ማድረግ ይሻላል፦ «እስከ ዓርብ ማታ ይያዝልሃል፤ ከዚያ ተራው የቀጣዩ ነው።» ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነም ይነገር፤ «ማታ 12 ሰዓት» ለአንዱ የፀሐይ መግቢያ፣ ለሌላው እኩለ ሌሊት ነውና። ቀጣዩ ሰው ተራ ይዞ ከጠበቀ የቀሪው ሰው ዝምታ ብዙ አይጎዳም።

ከሳምንት በኋላ ገዢው ለእናቲቱ ጻፈ። መኪና ሊያውሰው የነበረ ጓደኛው ያን ቅዳሜ ተጨማሪ ፈረቃ ገብቶበት ነበር፤ «አልቻልሁም» ማለት አሳፍሮት ዝም አለ። አልጋው አሁንም እንዳለ ጠየቃት።