ካፋ ያልደረሰው ባቡር

አትላስ ለሚኖር ሰው «ባቡር» ማለት ሃያ ሁለት ላይ የሚያልፈው የከተማ ባቡር ነው። ወደ ጦር ኃይሎች የሚሄደውን የተሳፈረ ሰው ለገሃርን ያልፋል። ስሙ «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። የድሮው ምድር ባቡር መጨረሻ እዚያ ነበር።

በውሉ ላይ ግን መጨረሻው ለገሃር አልነበረም። ዳግማዊ ምኒልክ መጋቢት 1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ የሰጡት የ99 ዓመት ፈቃድ ሦስት ክፍል ነበረው፦ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦ በካፋ በኩል ነጭ ዓባይ። ዘመኑ እንግሊዝ ከኬፕ ታውን እስከ ካይሮ፣ ፈረንሳይ ደግሞ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ቀይ ባሕር ዳርቻ አህጉሩን በአንድ መስመር ለመያዝ ያለሙበት ነው። የካፋው መስመር ቢሠራ ኖሮ የቡናው አገር ከወደብ ጋር በሐዲድ ይገናኝ ነበር።

ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀመረ። ሙቀቱ፣ የውሃ እጦቱ፣ መሬታችን ተደፈረ ያሉት የኢሳና የአፋር ሰዎች ጥቃት ተደማምሮም ቢሆን በ5 ዓመት 310 ኪሎ ሜትር ያህል ተሠርቶ ታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሜዳው ላይ ደረሰ። የሐረርን ተራራ መውጣት ስላልተቻለ ሐረር ቀረችና ድሬዳዋ ተወለደች።

ከዚያስ? ቀሪው 470 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ 15 ዓመት ፈጀ። ይህን የኋላ ቀርነት ምልክት አድርገው የሚተርኩ ሰዎች አሉ። መስመሩን ያቆመው ግን ተራራ አልነበረም፤ «የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው። ኩባንያው ገንዘብ አጠረው፤ የእንግሊዝ ባለሀብቶች አክሲዮን መግዛት ጀመሩ፤ የፈረንሳይ መንግሥት ደነገጠና በ1894 ዓ.ም. ድጎማ ሰጥቶ እጁን አስገባ። ምኒልክ ለግል ኩባንያ የሰጡት ፈቃድ የሌላ መንግሥት ንብረት ሊሆን መሆኑ ሲገባቸው ሥራው ወደፊት እንዳይቀጥል ከለከሉ። ኩባንያውም ከሰረ።

የባሰው የመጣው ታኅሣሥ 1899 ዓ.ም. ነው። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ ለንደን ላይ ተፈራርመው የኢትዮጵያን ባቡር ተከፋፈሉት። እስከ አዲስ አበባ ያለው ለፈረንሳይ፣ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ያለው ለእንግሊዝ፤ ኢጣሊያም ኤርትራን ከሶማሊያ የሚያገናኝ መስመር ይገባኛል አለች። ባለቤቱ አገር አልፈረመም። በዚያ ውል መሠረት የፈረንሳይ ሐዲድ ለገሃርን አልፎ ወደ ካፋ አንድ እርምጃ መሄድ አይችልም። እንግሊዝም አልሠራችው።

በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ተሰጥቶ ሥራው ቀጠለ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ምኒልክ ከሞቱ 3 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ጥርጣሬያቸው ግን ከንቱ አልነበረም። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለስደት ወደ ጅቡቲ የወረዱት በዚሁ ባቡር ነው። ከቀናት በኋላ አዲስ አበባ የገባችው ኢጣሊያ መስመሩን ለራሷ ጦር ተጠቀመችበት።

ሁለተኛው ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ለቡ ላይ ተመረቀ። ኤሌክትሪክ ነው፣ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ይሄዳል፣ ለኢትዮጵያው ክፍል አብዛኛው ገንዘብ ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ የመክፈያው ጊዜ ወደ 30 ዓመት መራዘሙ ተነገረ። እፎይታ ነው፤ ዕዳው ግን ሐዲዱ ላይ ገና ላልተወለዱ ተሳፋሪዎች ጭምር ተጽፏል። ቅጥያዎቹ ደግሞ በዕቅድ ብዙ ናቸው። ከእነሱ አንዱ በጅማ በኩል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ነው፤ ምኒልክ የፈቀዱት አቅጣጫ ማለት ነው።

አሁን ሐዲዱ የሚያልቀው ሰበታ ላይ ነው። አትላስ ካፌዎች ውስጥ የሚጠጣው የካፋና የጅማ ቡና ዛሬም በጭነት መኪና ይመጣል። ወደ ውጭ የሚላከውም አዲስ አበባ እስኪደርስ ያው ነው፤ ናፍጣ በጨመረ ቁጥር ልዩነቱ መጀመሪያ የሚቀነሰው ከገበሬው ዋጋ ላይ ነው።