የምንጣፉ ጠርዝ

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቤቴ ወለል ነው። ነገሩ ተራ ቢመስልም እስከ ፍጻሜው ታገሡኝ።

ጅግጅጋ በተከራየሁት ቤት ሳሎኑ ምንጣፍ ሲነጠፍበት ኮሪደሩ ባዶ ሊሾ ነው። ምንጣፉን በቶጎጫሌ በኩል ከሚገባው ዕቃ መርጬ የገዛሁት እኔ ነኝ፤ ወለሉ ግን የአከራዬ ነው። ሁለቱ በሚገናኙበት በር ላይ ምንጣፉ ከሊሾው የትንሽ ጣት ውፍረት ያህል ከፍ ይላል። እንግዳ ሁሉ ጫማውን የሚያወልቀው እዚያው ቆሞ ነውና፣ ጥቂት ወራት ሳይቆይ ክሩ ተተረተረ፤ ጠርዙም ወደ ላይ ተጠቀለለ።

ለአከራዬ ባመለክታቸው «ምንጣፉ ያንተ አይደለምን?» አሉኝ። እኔም በልቤ «ወለሉስ የእርስዎ አይደለምን?» ብዬ ተውኩት። አንድ ሰሞን በኮላ፣ ሌላ ሰሞን በፕላስተር ለጠፍኩት። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ አቧራው ከሥሩ እየገባ ሳምንት ሳይሞላው ይለቅ ነበር።

ባለፈው ዓመት እናቴ ከድሬዳዋ ልትጠይቀኝ መጣች። ሌሊት ለጸሎት ስትነሣ እግሯ በዚያ ጠርዝ ተጠልፎ ወደቀች፤ የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። «አይ ልጄ፣ እኔው ነኝ ያላየሁት» አለችኝ። ብትወቅሰኝ በቀለለኝ ነበር።

በማግስቱ ሊጠይቋት የመጡት፣ ዕድሜያቸውን በግንበኝነት ያሳለፉት ሶማሌ ጎረቤቴ ጠርዙን አይተው «አዴር፣ ይህን እስከ ዛሬ እንዴት ዝም አልከው?» አሉኝ። አዴር በሶማልኛ አጎት ማለት ነው፤ ትልቁ ሰው ታናሹንም በዚያው ቃል መልሶ ይጠራዋል።

የተበላሸውን ጠርዝ በምላጭ ቀጥ አድርገው ቆረጡ። የደረቀውን ኮላ ፍቀው፣ አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው አደረቁ። ከሊሾው በኩል ከምንጣፉ ጋር እኩል እስኪሆን በሲሚንቶ ዝቅተኛ ዳገት ሠሩለት። ሲሚንቶው ሲጠነክር ወለሉን በድሪል በስተው ፊሸር ከተቱና፣ አንዱ ጎኑ ምንጣፉን ሌላው ዳገቱን እንዲይዝ ጠፍጣፋ የአልሙኒየም ዘንግ አጋድመው በብሎን አጠበቁት። የብሎኖቹም ራስ እግር እንዳይቧጥጥ እስኪሰምጥ አስገቡት። «ለአንዱ ብቻ ከታሰረ ይነቀላል» አሉኝ። ወጪውን እኔና አከራዬ ለሁለት ተካፈልን፤ ይህን ያህል ጊዜ ያከራከረን ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር።

እናቴን፣ እጇ በጀሶ እንደታሰረ፣ በካራማራ አድርጌ በባቢሌና በሐረር በኩል ስሸኛት ግን ሐሳቤ ከቤቴ ወጣ። በዚያ መንገድ ኦሮሚያና ሶማሌ ክልል ይገናኛሉ። በጥቅምት 1997 ዓ.ም. ከ400 በሚበልጡ የወሰን ቀበሌዎች ሕዝቡ ድምፅ ሰጠ፤ የማካለሉ ሥራ ግን ለዓመታት ሲንከባለል ቆየ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. የሁለቱ ክልሎች መሪዎች ስምምነት ተፈራረሙ። ወራት ሳይቆጠሩ፣ በመስከረም 2010 ዓ.ም. ግጭቱ ከፍቶ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከሁለቱም ወገን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ።

የሰው ሕይወት ከምንጣፍ ጋር እንደማይነጻጸር አላጣሁትም። ድምፅ መስጠቱም ሆነ መፈራረሙ ስሕተት ነበር አልልም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ «የማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ ደጋግመን ስንጠይቅ «ማን ይጠብቀዋል?» የሚለውን ረሳነው። በወሰን ላይ የሚኖረው ሰው ጠዋት ወደ ገበያ፣ ማታ ወደ ቤቱ ያንን መስመር ይሻገራል። ሁለቱም ወገን ገንዘብና ጉልበት አዋጥቶ፣ የጋራ ሽማግሌና የጋራ ጠባቂ አቁሞ ካልያዘው፣ በወረቀት ላይ የሚለጠፈው ኮላ አቧራ ሲነካው ይለቃል። የሚወድቀውም እኔና አከራዬ እንዳልወደቅን ሁሉ፣ ፈራሚው አይደለም።

የእናቴ እጅ ድኗል፤ ሊጥ ለማቡካት ግን ዛሬም አይታዘዛትም። ባለፈው ፋሲካ ስትመጣ ዘንጉን ሳትነካው አለፈች። ቢሆንም በሩ ላይ ስትደርስ በግራ እጇ መቃኑን ይዛ ነበር።