ጥግ ላይ የነበረችው ሮድስተር

ሰፈራችን በነበረው ፕሌስቴሽን ቤት ልጁ ሁሉ ወረፋ የሚይዘው ለኳስ ነበር። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አሮጌ ቴሌቪዥን ግን የመኪና ወዳጆች ነበረች፤ «ግራን ቱሪስሞ» የምንጫወተው እሷ ላይ ነው። ካዙኖሪ ያማውቺ የመራው ቡድን እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ይህ ጨዋታ ገና ከመጀመሪያው ፈጣን መኪና አያስረክብም። 10,000 ክሬዲት ይሰጥና ሌላውን እያሸነፋችሁ አምጡ ይላል፤ ለከበዱት ውድድሮች ደግሞ መንጃ ፈቃድ ያስፈትናል።

ትላልቆቹ ልጆች የሚያልሙት ስካይላይንና ሱፕራን ነበር። እኔ ዓይኔ ያረፈው ማዝዳ ዘንድ በነበረች አንዲት ትንሽ መኪና ላይ ነው፦ ዩኖስ ሮድስተር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ጠርዟ ሁሉ የተሞረደ። ጃፓን ብትሠራትም መልኳ የአባቶቻችንን ዘመን የእንግሊዝ መኪኖች ይመስላል።

«አንተ፣ ሱፕራ አትገዛም እንዴ!» ይሉኝ ነበር። ቀጥታው መንገድ ላይ እውነት አላቸው፤ 1.6 ሊትር ሞተር፣ 120 የፈረስ ጉልበት፣ ሁሉም ይቀድማታል። ኩርባው ሲመጣ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክብደቷ 940 ኪሎ ገደማ ስለሆነ ፍሬን ገና ሲነካ ትታዘዛለች። ኃይሉ የሚደርሰው ለኋላ ጎማዎቿ ነውና ስትወጣ ነዳጅ ካበዛሁባት ጭራዋ ይሸሻል፤ መሪውን ወደሸሸበት ወገን መለስ ሳደርግ ደግሞ ትሰበሰባለች። ትሪያል ማውንቴን በተባለው የጨዋታው የውድድር መንገድ ላይ፣ ከዋሻው ወጥቼ፣ ጆይስቲኩ እጄ ውስጥ እየተንቀጠቀጠ ይህን ሳደርግ የደረጃዬ ነገር ጨርሶ ይረሳኝ ነበር።

ታሪኳን ያነበብኩት ኋላ ነው። ቦብ ሆል የተባለ አሜሪካዊ የመኪና ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1979 ለማዝዳው ኬንኢቺ ያማሞቶ ሐሳቡን አቀረበ፦ እንደ ድሮዎቹ የእንግሊዝ ክፍት መኪኖች ቀላልና ዋጋዋ የማይከብድ መኪና ሥሩ አላቸው። እሷም እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ አውቶ ሾው ላይ ታየች። ሥራውን የመሩት ቶሺሂኮ ሂራይ የፈለጉት ፈረሰኛና ፈረሱ አንድ አካል ሲሆኑ የሚሰማውን ስሜት ነበር፤ የጭስ ማውጫዋ ድምፅ እንኳ ሆን ተብሎ የተቃኘ ነው። በልጅነቴ እጄ ላይ የተሰማኝ ነገር መሐንዲሶች ዓመታት የለፉበት መሆኑን ሳውቅ እንዴት ደስ እንዳለኝ! ያማውቺና ባልደረቦቹ ያንን በዚያ ዘመን ማሽን ውስጥ ማስገባት መቻላቸው እስከ ዛሬ ይደንቀኛል።

«ግራን ቱሪስሞ 4» ላይ የ1962ቷን ሎተስ ኤላን አገኘኋት፤ ማዝዳዎች ዓይናቸውን የጣሉባት፣ እንደ ሮድስተሯ መብራቷን አፍንጫዋ ውስጥ የምትደብቅ። ሁለቱንም በአንድ መንገድ በየተራ ነዳሁ። ኤላን ትቀላለች፣ ውበቷም ይበልጣል ባይ ነኝ። ግን መሪውን ሳላዞር ወዴት እንደምትሄድ የማውቃት ሮድስተሯን ነበር፤ ክሬዲቴንም ለእሷ ጎማና ሾክ አብዞርበር አፈሰስኩት።