ስለ ጸሐፊና ስለ አንባቢ

ሰው የገዛ ፊቱን ያለ መስተዋት ማየት አይቻለውም። ጸሐፊም የገዛ ጽሑፉን ያለ አንባቢ ማየት አይቻለውም። ምንም እንኳ ቃሉን ራሱ መርጦ፤ ዐረፍተ ነገሩን ራሱ አስተካክሎ የጻፈው ቢሆን፤ ጽሑፉ ከእጁ ወጥቶ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ምን እንደ ሠራ ከሌላው ሰው በቀር የሚነግረው የለም። አባቶቻችን «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ያሉት ስለ ሐሜት ቢሆንም፤ እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ ለጸሐፊ የተነገረ ይመስለኛል። ስለ ሥራው ሰው ሁሉ ሲያወራ እርሱ ብቻ ሳይሰማ ይኖራልና።

ይህን የምለው ከመጽሐፍ ተምሬ ሳይሆን በጥፋቴ ተቀጥቼ ነው። ስለዚህ አንባቢ ቢፈቅድልኝ ጥፋቴን አስቀድሜ እናገራለሁ።

በ2008 ዓ.ም. ስለ ጠባይና ስለ ኑሮ የጻፍኋቸውን አጫጭር ጽሑፎች ሰብስቤ፤ በራሴ ገንዘብ ሦስት መቶ ቅጂ አሳተምሁ። ለዘመድ፤ ለወዳጅ፤ አብረውኝ ላስተማሩ መምህራንና ለሠፈሬ ሰዎች አደልሁ። ከጽሑፎቹም አንዱ ስለ ተዝካር ድግስ ነበረ። ሰው ለአንድ ቀን ስም ሲል ልጆቹን ለዕዳ ሊዳርግ አይገባም የሚል ምክር ነው። ምክሩ ዛሬም ሐሰት አይመስለኝም። ነገር ግን ምክሬን ለማጣፈጥ ምሳሌ ፈለግሁና፤ በሠፈራችን ባሏ የሞተባትን አንዲት ሴት አነሣሁ። «አንዲት ምስኪን የጆሮ ወርቋን ሸጣ፤ በላዩም ገንዘብ ተበድራ ሠፈሩን አበላች፤ በማግስቱ ግን ለልጇ የደብተር መግዣ አጣች» ብዬ ጻፍሁ። ስሟን ስላልጻፍሁ ክብሯን የጠበቅሁላት መስሎኝ ነበር።

መጽሐፉ ከታደለ በኋላ ያገኘኝ ሁሉ አመሰገነኝ። አንዱ «ግሩም ነው» አለኝ፤ ሌላው «እጅዎ ይባረክ» አለኝ፤ ሦስተኛው ደግሞ ገና ሳይገልጠው «እንዲህ ያለ መጽሐፍ አንብቤ አላውቅም» አለኝ፤ እርሱስ እውነቱን ነበር። እኔም በምስጋናው ደስ ብሎኝ ሰነበትሁ። በዚያው ወራት ሁለት ነገር ታዘብሁ፤ ታዝቤም ዝም አልሁ። ያች ሴት በመንገድ ስታገኘኝ ሰላምታዋ አጠረ። ቅዳሜ ቅዳሜ መጽሐፍ ሊዋስ ይመጣ የነበረው ልጇም መምጣቱን ተወ።

ከሦስት ወር በኋላ ልጁን ከዳቦ ቤት ደጃፍ አገኘሁትና «ምነው ጠፋህ? አስቀየምሁህ እንዴ?» ብዬ ጠየቅሁት። መሬት መሬቱን እያየ ጥቂት ቆየና «ጋሼ፤ እናቴ ማንበብ አትችልም። መጽሐፍዎን ያነበብሁላት እኔ ነኝ» አለኝ። ሌላ ምንም አልተናገረም፤ ዳቦውን ይዞ ሄደ።

እስከዚያ ቀን ድረስ መጽሐፌን የሚያነቡት የተማሩት ብቻ ይመስሉኝ ነበር። ፊደል ያልቈጠረ ሰው በልጁ አፍ እንደሚያነብ አላሰብሁም። ስለ ሰው ስጽፍ ያ የምጽፍበት ሰው ራሱ አንባቢዬ እንደ ሆነም አላሰብሁም።

በማግስቱ ወደ ቤቷ ሄድሁ። ቡና አፍልታ አስተናገደችኝ፤ ክፉ ቃልም አልወጣትም። ይቅርታ ስጠይቃት ግን እንዲህ አለችኝ፦ «ባለቤቴ ሁለት ዓመት ሙሉ አልጋ ላይ ሲተኛ ያገላበጡት፤ እኔ ሥራ ስውል ለልጄ ምሳ የሰጡት እነዚህ ጎረቤቶች ናቸው። ወርቁን ሽጠሽ አብያቸው ብሎ የተናዘዘው ራሱ ነው። እርስዎ የተበደርሁትን አዩ እንጂ የከፈልሁትን አላዩም። ደግሞስ ከርስዎ በር እስከ እኔ በር ሃያ እርምጃ አይሞላም፤ ሳይጽፉ ለምን አልጠየቁኝም?»

በዚያን ጊዜ መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ራሴን ስመረምር መልሱን አገኘሁት። ብጠይቃት ኖሮ ምሳሌዬ ይበላሽብኝ ነበር፤ ይህንንም ልቤ ያውቅ ነበር።

ወደ ቤቴ ስመለስ ሌላ ነገር አሳሰበኝ። መጽሐፌን ካመሰገኑልኝ ሰዎች መካከል የዚያን በሽተኛ አልጋ ያነጠፉ፤ በዚያ ተዝካር የበሉ ሰዎች ነበሩ። እውነቱን ያውቃሉ። ታዲያ ለምን አልነገሩኝም? ውሸታሞች ስለ ሆኑ አይደለም፤ አጠያየቄ ከምስጋና በቀር ሌላ መልስ የማያስገባ ስለ ነበረ ነው። እኔ መጽሐፉን በሁለት እጄ ሰጥቼ፤ ፊት ለፊት ቆሜ፤ «እንዴት አገኙት?» ስል፤ ጨዋ ሰው «ግሩም ነው» ከማለት ሌላ ምን ይበል? «ወዳጅ ያስለቅሳል፤ ጠላት ያስቃል» እንላለን። ነገር ግን ወዳጅ ደፍሮ እንዲያስለቅሰን በሩን የምንከፍትለት እኛ ነን።

ይህን ነገር የቀድሞ ሰዎች ከኛ ይልቅ ያውቁት ነበር። የቅኔ ተማሪ ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፤ ከዚያም ወደ መምህሩ ቀርቦ ይነግራል። መምህሩ ቃሉ የጐደለውን ይሞላል፤ ቤቱ ያልመታውን ያቃናል፤ ምሥጢሩ ያልደረሰውን አፍርሶ እንደገና እንዲቈጥር ይመልሰዋል። ጉባኤ ቃና ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ ሆኖም ተማሪው ስለ ሁለቱ ቤት ደጋግሞ ይታረማል። በጉባኤ መካከል «ይበል!» የሚባልለት ይህን ሁሉ እርማት ካለፈ በኋላ ነው። እኛ የዛሬ ጸሐፊዎች ግን እርማቱን ሳናልፍ «ይበል!» መባሉን እንወዳለን።

በሌላም አገር እንዲሁ ዘዴ የፈለጉ ሰዎች ነበሩ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1713 ዓ.ም. ሪቻርድ ስቲልና ጆሴፍ አዲሰን የሚባሉ የእንግሊዝ ደራሲዎች ጋርዲያን በተባለ ጋዜጣ ይጽፉ ነበር፤ ዛሬ በዚህ ስም ከሚታወቀው የተለየ ነው። በዚያ ጊዜ አዲሰን በሎንዶን ከተማ፤ ሰዎች ተሰብስበው ቡና በሚጠጡበት ቤት ውስጥ፤ አፉን የከፈተ የአንበሳ ራስ አቆመ። አንባቢ ሁሉ ደብዳቤውን በአንበሳው አፍ ይጥላል፤ ከደብዳቤዎቹም እየተመረጠ በጋዜጣው ይታተማል። አሳቡን ስመለከተው ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለ አንበሳ አይቈጣም፤ አይከራከርም፤ ወረቀት የሚሰጠውንም እጅ አይነክስም። አንባቢ ደፍሮ እንዲናገር የሚሻ ጸሐፊ እንዲህ መሆን አለበት።

እኔም ሁለተኛውን እትም ሳዘጋጅ በዐቅሜ እንዲህ አደረግሁ። ረቂቁን በሃያ ደብተር አስገልብጬ፤ በየደብተሩ መጨረሻ ሁለት ባዶ ወረቀት አሰፍቼ፤ እርሳስም ጨምሬ ለሰዎች ሰጠሁ። «ስማችሁን አትጻፉ፤ ሲጨርስ አንዱ ለሌላው ያስተላልፈው» አልሁ። ጥያቄዬንም ለወጥሁ። «እንዴት አገኛችሁት?» ማለትን ትቼ ሦስት ነገር ብቻ ጠየቅሁ፤ የቱ ላይ ሰለቻችሁ? የቱ ላይ «ይህስ ልክ አይደለም» አላችሁ? ካነበባችሁት ውስጥ ለቤተ ሰባችሁ ያወራችሁት የትኛውን ነው?

ከሃያው ደብተር ዐሥራ ሁለቱ ባዶውን ተመለሰ። ቀድሞ ቢሆን ዝምታውን እንደ ስምምነት እቈጥረው ነበር፤ አሁን ግን ከዝምታ ምንም ሊታወቅ እንደማይችል ስለ ተማርሁ፤ የማውቃቸውን እየሄድሁ በቃል ጠየቅሁ። ከስምንቱ ያገኘሁት ግን ከሦስት መቶው ቅጂ ምስጋና ይበልጥ ነበር። በአንዱ ደብተር ላይ፤ ስለ ትዕግሥት ከጻፍሁት ረጅም ጽሑፍ አጠገብ፤ «እዚህ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ» የሚል በእርሳስ ተጽፎ አገኘሁ። ስለ ትዕግሥት ስጽፍ የአንባቢን ትዕግሥት መጨረሴን ስላየሁ ሦስት ገጽ ቀነስሁ። ሌላው፤ የዕቃ ሻጭ ይመስለኛል፤ ስለ ወለድ ያሰላሁት ሒሳብ ስሕተት መሆኑን ቍጥሩን ደርድሮ አሳየኝ። ሦስተኛው «ልጆች ወላጆቻቸውን አያከብሩም ብለዋል፤ ወላጆች ልጆቻቸውን ስለ መስማታቸው ግን አንድ ቃል አልጻፉም» አለ። ይህ ቃል አንድ አዲስ ጽሑፍ አስጻፈኝ።

ነገር ግን አንባቢን መስማት ማለት ለነገሩት ሁሉ መታዘዝ አይደለም። በዚህ ነገር የታላቁ እስክንድር ሠዓሊ የነበረው አጴሌስ የሚሰጠን ምሳሌ መልካም ነው። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ ተረከው፤ አጴሌስ ሥዕሉን ለመንገደኛ እንዲታይ አድርጎ ያቆምና፤ ራሱ ከሥዕሉ ኋላ ተሸሽጎ የሚባለውን ይሰማ ነበር። አንድ ቀን አንድ ጫማ ሰፊ «የዚህ ጫማ ማሰሪያ ጐድሏል» ሲል ሰማው፤ እውነት ስለ ሆነም አረመው። በማግስቱ ያው ጫማ ሰፊ በመሰማቱ ኰርቶ እግሩንም መንቀፍ ሲጀምር፤ አጴሌስ ከተሸሸገበት ወጥቶ «ጫማ ሰፊ ከጫማ በላይ አይፍረድ» አለው።

ሰዎች ከዚህ ታሪክ የኋለኛውን ቃል ብቻ ይዘው ነቃፊን ዝም ለማሰኘት ይጠቅሱታል። እኔ ግን ከፊተኛው ይጀመር እላለሁ። ታላቁ ሠዓሊ ስለ ጫማ ከጫማ ሰፊ ተምሯል። ሰው ሁሉ በኖረበት ነገር ዐዋቂ ነው። ስለ መሰልቸቱ ከአንባቢው የሚበልጥ ምስክር የለም፤ ስለ ወለድ ነጋዴው፤ ስለ ኀዘንም ያዘነችው ሴት ከእኔ ይልቅ ያውቃሉ። በእነዚህ ነገሮች ጸሐፊ ቢከራከር ትርፉ ሌላ ጊዜ የሚነግረው ሰው ማጣት ነው። አንድ ወዳጄ ግን «ስለ ጉቦ የጻፍኸውን አውጣው፤ የሚቀየሙህ ሰዎች አሉ» ብሎ መከረኝ። ለእኔ አስቦ እንደ ሆነ ስለማውቅ አመሰገንሁት፤ ጽሑፉን ግን አላወጣሁም። ስሕተቴን የነገረኝ እንደ ሆነ እታረማለሁ፤ እንድፈራ የመከረኝ እንደ ሆነ ግን አመስግኜ እተወዋለሁ። ሁለቱን መለየት የኅሊና ሥራ ነው፤ ኅሊናም እንዳይሳሳት ምክሩ የመጣው ጽሑፉ ከሚነካው ሰው ነው ወይስ ከሚጠቀምበት ሰው ብሎ መጠየቅ ይረዳል።

ስለዚያች ሴት የጻፍሁትን እንዴት እንዳደረግሁት ሳልናገር አልጨርስም። በ2010 ዓ.ም. ሁለተኛው እትም ከመታተሙ በፊት ስለ ተዝካር የሚለውን እንደገና ጻፍሁት። ስለ ዕዳ ያለውን ምክር አልተውሁም፤ ነገር ግን ድግስ ሁሉ ለስም እንዳልሆነ፤ ውለታ የሚከፈልበትም እንዳለ፤ የነገረችኝን ቃል በፈቃዷ ጨመርሁበት። ወደ ቤቷ ይዤው ሄጄ ልጇ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት። እርሷም እጇን አገጯ ላይ አድርጋ እስከ መጨረሻው ሰማችና «ደኅና ነው፤ ይህን ‹ምስኪን› የሚለውን ግን ያውጡልኝ» አለችኝ። ከፊተኛው እትም ሳላስተውል አስቀርቼው ነበርና አወጣሁት። በሚከተለው ቅዳሜ ልጁ የተዋሰውን መጽሐፍ ሊመልስ መጣ፤ ሌላም ይዞ ሄደ።

የፊተኛው እትም ሦስት መቶ ቅጂ ግን ዛሬም በሰው ቤት አለ። ስሕተቱም አብሮ አለ። የተናገሩት ቃል ቢረሳ፤ የታተመው አይረሳምና፤ ሳይታተም መጠየቅ ከታተመ በኋላ ይቅርታ ከመለመን ይሻላል። ሃያ እርምጃ መሄድ አይከብድም።

አንባቢ ሆይ፤ በዚህ መጽሐፍ መጨረሻም ሁለት ባዶ ወረቀት ታገኛለህ። እርሳስ አንሣ። የሰለቸህን፤ ልክ አይደለም ያልኸውን፤ በተለይም ሳላውቅ ያሳዘንሁህ እንደ ሆነ እርሱን ጻፍልኝ። ማንበብ የማይችል ሰው ካነበብህለትም፤ እርሱ ያለውን ጨምረህ ጻፍ።